ፎርሙ 11 አለ፣ ሰውየው ግን ይስቃሉ

ደምበጫ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ የላከችው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ባለ 20 ጥያቄ የጭንቀት መለያ ፎርም ተሰጥቶን ለአዋቂ ታካሚዎች እየሞላን ነው። አንድ 50 ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ 11 አወጡ ግን ቁጭ ብለው ይጫወታሉ ይስቃሉ። አንዲት ልጇን ለስድስት ሳምንት ክትባት ያመጣች እናት ደሞ እንባ እየተናነቃት 2 ብቻ አወጣች፣ አማቷ አብረዋት ነበሩ። የቱን ልመን? ከስንት በላይ ሲሆን ነው ሪፈር የምጽፈው?»

እህቴ፣ ባጭሩ ልመልስልሽና ከዛ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ሁለቱንም ሰዎች እመኛቸው፣ ቁጥራቸውን ግን ብቻውን አትመኝው። 11 ማውጣት በሽተኛ ነው ማለት አይደለም፣ 2 ማውጣትም ደህና ነው ማለት አይደለም፣ «ከዚ በላይ ሪፈር ከዚ በታች ወደቤት» የሚል ቁጥር እንድሰጥሽ ከሆነ የፈለግሽው አልሰጥሽም፣ ስለሌለ ነው። ፎርሙ ወንፊት ነው፣ ማንን ቁጭ አርገሽ ማነጋገር እንዳለብሽ ይለይልሻል፣ ማነጋገሩን ግን አንቺ ነሽ የምትሠሪው።

እናንተ ጋ ያለው ከገለጻሽ እንደገባኝ ኤስ አር ኪው 20 የሚባለው ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው፣ የአጠቃቀም መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ። ከመጀመሪያውም የታሰበው እንዳንቺ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ ብዙ ሰው ለሚያይ ባለሙያ ነው። ሃያውም ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ነው፣ የሚጠይቀውም ስላለፉት 30 ቀናት ብቻ። ይሄ አዎ/አይደለም መሆኑ ለኛ አገር ትልቅ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ የጭንቀት ፎርሞች ለምሳሌ ኬ 10 የሚባለው ለያንዳንዱ ጥያቄ አምስት ደረጃ መልስ አለው፣ «ሁልጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ጥቂት ጊዜ፣ ፈጽሞ» እያልሽ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ስታነቢ ሦስተኛው ላይ ስትደርሺ የመጀመሪያውን ረስቶታል። (ያን ፎርም የግድ የምትጠቀሚ ከሆነ ባቄላ ይዘሽ ጠረጴዛው ላይ ከዜሮ እስከ አራት ፍሬ በተራ አስቀምጪ፣ በጣቱ ይጠቁምሽ፣ ይሠራል።)

ስለ መቁረጫው ነጥብ፣ ብዙ ቦታ 8ና ከዚያ በላይ ሲሆን «ፖዘቲቭ» ይባላል። ግን ከአገር አገር፣ በአንድ አገር ውስጥ እንኳን ከወንድ ወደ ሴት፣ ከወላድ ወደ ሌላ ታካሚ ይለያያል፣ የኛም አገር ተመራማሪዎች የተለያየ ነጥብ ተጠቅመዋል፣ መመሪያውም ራሱ እንደየአካባቢው አረጋግጡት ነው የሚለው። እና ደሞ ስሌቱን አንዴ በእጅሽ ሥሪው፣ እኔ እስክሠራው ድረስ አልገባኝም ነበር። ለምሳሌ ብለን፣ ከ100 ሰው 20ው የእውነት ተቸግሯል እንበል፣ ፎርሙም ከተቸገሩት 80 በመቶውን ይይዛል፣ ደህና ከሆኑትም 80 በመቶውን ደህና ይላል እንበል። ከ20ው 16ቱን ያዘልሽ፣ ከ80ው ደህና ሰው ደሞ 16ቱን በስህተት ያዘብሽ። 32 ሰው ፖዘቲቭ ሆኖ ግማሹ ብቻ ነው የተቸገረው። አሁን የተቸገሩት 5 ብቻ ቢሆኑስ? 4ቱን ትይዢያለሽ፣ ከ95ቱ ደሞ 19ኙን በስህተት። ከ23 ሪፈር 4ቱ ብቻ! 23 ገበሬ ሥራውን ፈቶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ደብረ ማርቆስ ወይ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዶ 19ኙ «ምንም የለብህም» ተብሎ ሲመለስ ሁለተኛ ጤና ጣቢያችሁን የሚያምን የለም።

ስለዚ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን የትኞቹ ጥያቄዎች «አዎ» እንደተባሉ ላይ ነው ዓይንሽን መጣል ያለብሽ።

ወደ ሰውየው እንምጣ። ከሃያው ውስጥ ወደ ስምንት የሚሆኑት የሰውነት ጥያቄዎች ናቸው፦ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት፣ የሆድ አለመመቸት፣ ሁልጊዜ ድካም፣ ቶሎ መድከም። አስቢው እንግዲ፣ ጨጓራ ያለበት፣ ደም ማነስ ወይ የአንጀት ትል ያለበት፣ ሐምሌ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ጭቃ ውስጥ ሲያርስ የዋለ ሰው እነዚህን ብቻ «አዎ» ብሎ 8 ሊሞላ ይችላል። ነሐሴ ላይ ፍልሰታን የሚጾም ሰው «ምግብ ያምርሃል ወይ» ሲባል ምን ይበል? ማህሌት ሲያድር የከረመስ «እንቅልፍ» ሲባል? ቆላው ላይ ከወረድሽ ወባ ትጨመርበታለች። እንቅርትም አትርሺ፣ የኛ ደጋ ላይ ብዙ ሰው ያለበት ነው፣ እንቅርት ኖሮም አልኖረም የታይሮይድ ሥራ ሲዛባ ልብ ምት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ድካም፣ የስሜት መለዋወጥ ያመጣል፣ ፎርሙ ላይ ሲታይ ግን ጭንቀት ይመስላል። ስለዚ የ11ዱን ሰውዬ ደም፣ ሰገራ፣ ግፊት፣ ስኳር ሳታዪ ስለ አእምሮ አታውሪ።

ግን እዚጋ በጣም ተጠንቀቂ፣ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚ ነው። ላብራቶሪው ነጻ ሲወጣ «እንግዲያው ምንም የለም» ይባልና ሰውየው ኦሜፕራዞል፣ የጨጓራ ክኒን፣ ተሰጥቶት ይሄዳል። የኛ ሰው እኮ ሐዘኑን የሚናገረው በሰውነቱ ነው። «ጨጓራዬ» ይላል፣ «ራሴን ወጥሮ ይዞኛል»፣ «ልቤ ትር ትር ይልብኛል»፣ «አካላቴ ዛለ»፣ «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ሆዴ ባባ»። መሬት ተወስዶበት፣ በሬው ሞቶበት፣ ልጁ ከከተማ መጥፋቱን ሰምቶ፣ ወይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አካባቢው ላይ በወረደው የሰላም ማጣት ምክንያት የደረሰበትን ሁሉ ዋጥ አርጎ ይዞ ጨጓራ ብሎ ይመጣል። መሳቁ ደሞ ምንም አይነግርሽም፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ያውም ሰው ፊት፣ ያውም ልጁ በምትሆን ነርስ ፊት፣ ከመሳቅ ሌላ ምን እንዲያረግ ትጠብቂያለሽ?

እኔ የማረገው እንዲህ ነው። ከሰውነት ጥያቄዎቹ ውጪ ያሉትን ለብቻ እቆጥራለሁ፣ በተለይ ስለ ኑሮ የሚጠይቁትን ሦስቱን፦ የዕለት ሥራው ደስ እያለው ይሠራል ወይ፣ ሥራው ተበላሽቷል ወይ፣ ለቤቱ የሚጠቅም ሰው እንደሆነ ይሰማዋል ወይ። እነዚህ «አዎ ተቸግሬያለሁ» ከሆኑ ጨጓራ ብቻ አይደለም። ከዛ ፎርሙን ዘጋ አርጌ «አንቱ፣ ዘንድሮ አዝመራው እንዴት ነው? ስንት ገመድ ዘራችሁ?» እላቸዋለሁ። ሰው ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚበላሸው የሚወደው ሥራ ነው። ማሳውን ሳያርም የቀረ፣ ዕድር መሄድ የተወ፣ ማኅበር ሲደርሰው «ዘንድሮ ይለፈኝ» ያለ ገበሬ ካለ እየሳቀም ቢሆን ልብ በይ። (አንቱ የምትለዋን ደሞ አትናቂያት፣ ፎርሙ ላይ «እርስዎ» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ገጠሩ ጆሮ ላይ የቢሮ ቃል ሆኖ ነው የሚሰማው።)

ሴትየዋ ደሞ ሌላ ናት፣ እኔን የበለጠ ያሳሰበችኝም እሷ ናት።

እዚ አገር ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ መልሱ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፣ ልጅ የቀበረም እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ይሄ ውሸት አይደለም፣ እምነትም ጨዋነትም ነው። እና አንቺ ፎርሙን በሰላምታ ፍጥነት ካነበብሽው፣ «ደስተኛ አይደለሽም? ታለቅሻለሽ? ዋጋ የለኝም ትያለሽ?» እያልሽ ካስኬድሽው፣ እሷም በሰላምታ ፍጥነት አይ፣ አይ፣ ተመስገን ትልሻለች። ከጎኗ አማቷ ቆመው ደሞ! አማቷ ክፉ ናቸው አልልም፣ ግን ገመናዋን እዛ ፊት አውጪ ማለት አይቻልም። አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተደርድሮ፣ በሩ ክፍት ሆኖ የተሞላ ፎርም የሚለካው የሰውየውን ጨዋነት ነው። 2 ብላ እንባ የተናነቃት ሴት ለኔ 2 አይደለችም፣ ገና ያልተጠየቀች ናት።

ስለዚ ቃላቶቹን እንደተጻፉ አንብቢ፣ አትቀይሪ፣ ከቀየርሻቸው የመቁረጫ ነጥቡ ትርጉም ያጣል። ቀስ ማለትና ከመጀመርሽ በፊት ማስረዳት ግን ይፈቀዳል፣ ያስፈልጋልም። «ይሄ የእርዳታ ምዝገባ አይደለም፣ ለቀበሌም አይሄድም፣ ሴፍቲኔት ውስጥ አያስገባም አያስወጣም፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው» በያቸው። ይሄን ካላልሽ ግማሹ እርዳታ ይመጣል ብሎ ሃያውንም አዎ ይልሻል፣ ግማሹ ይመዘግቡኛል ብሎ ሃያውንም አይደለም።

ጊዜውንም በኛ አቆጣጠር ንገሪያቸው። «ባለፉት 30 ቀናት» ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ገጠር ግን ወሩ በታቦት ነው የሚቆጠረው፣ ወራችን ደሞ ልክ 30 ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜ መሃል ካልገባች በቀር፣ «ካለፈው ሚካኤል እስከዚህ ሚካኤል» ካልሽ በትክክል 30 ቀን ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቁ ፎርሞች ላይም፣ ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው የድብርት መለያ ፎርም እንደሱ ነው፣ «ከሥላሴ እስከ ማርያም» በይ፣ ከ7 እስከ 21፣ አስራ አራት ቀን። እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያስባል፣ «ሚካኤል ለት እኮ ዝክር ነበረን፣ እሱን ለት ደህና ነበርኩ፣ ከዛ ወዲህ ነው» ይልሻል፣ ሌላ ወሬ ይከፈታል። ሐዘን ካለ ደሞ አስቀድመሽ እወቂ፣ ከአርባው በፊት ያለች ሐዘንተኛ 12 ብታወጣ ሐዘን ነው፣ ሙት ዓመቱ አልፎም ከቤት የማትወጣ፣ ልጆቿን መንከባከብ ያቃታት ከሆነች ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን 17ኛው ጥያቄ። ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው። ይሄን ብዙ ነርስ በሹክሹክታ ያነበዋል ወይ ይዘለዋል፣ «ያላሰበውን አስታውሰዋለሁ» ብሎ ይፈራል። አታስታውሺውም፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፣ ብዙ ሰው ሲጠየቅ እንደውም እፎይ ነው የሚለው። ጠቅላላ ድምሩ 3 ቢሆንም 17ኛው አዎ ከሆነ ድምሩን እርሺው። ቁጭ በይና ጠይቂ፦ ምን ያህል ጊዜ ይመጣብዎታል፣ እንዴት ብለው አስበዋል፣ ከዚ በፊት ሞክረው ያውቃሉ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ። መንገዱን ያሰበ፣ ከዚ በፊት የሞከረ፣ ወይ ከልክ በላይ የሚጠጣ ከሆነ ዛሬውኑ ሪፈር ነው፣ ብቻውን አትልቂው፣ አምቡላንስ ካልተገኘ ከዘመድ ጋር። የሚያምነው የቤተሰብ ሰው ፈልጊና በፈቃዱ ንገሪው፣ የእህሉን የነቀዝ መድኃኒትና የተባይ ኬሚካል ከቤት አውጥቶ ጎረቤት ጋ ቆልፎ እንዲያስቀምጥ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን የጨነቀው ሰው ክፉዋ ሰዓት ላይ እጁ አጠገብ ምንም ካላገኘ ሰዓቷ ታልፋለች፣ ሰው ይተርፋል።

ፎርሙ የማይጠይቃቸውንም እወቂ። ስለ መጠጥ አንድም ጥያቄ የለውም፣ ጎጃም ውስጥ ሆነሽ ስለ አረቄ ሳትጠይቂ ወንድ ታካሚ አየሁ ማለት አይቻልም፣ በአፍሽ ጠይቂ፣ «በቀን ስንት መለኪያ፣ ጠዋት እጅ ይንቀጠቀጣል ወይ»። ድምፅ የሚሰማውን፣ ሰው ያሳድደኛል የሚለውንም ባለ 20ው አይዝም፣ ባለ 24 የሆነው ነው ስለዛ አራት ጥያቄ የጨመረው። የሚጥል በሽታም ከዚ ውጪ ነው።

ሌላው፣ አለመጨነቅና ደህና መሆን አንድ አይደሉም። 3 አውጥቶ ግን ኑሮው ጣዕም ያጣበት ሰው አለ። ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ሌላ አጭር ፎርም አለው፣ አምስት ጥያቄ ብቻ፣ አንዱም ስለ በሽታ አይጠይቅም፦ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ተረጋግቼ ነበር፣ ብርቱ ነበርኩ፣ ጠዋት ታድሼ ነው የምነሳው፣ ቀኔ በሚስቡኝ ነገሮች የተሞላ ነበር። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5፣ ድምሩ ከ25፣ በ4 ሲባዛ ከ100 ይሆናል፣ 50ና ከዛ በታች ከሆነ ሰውየውን ጠጋ ብለሽ አነጋግሪ። እኔ ይሄን የምወደው ሰው «አብደሃል ልትሉኝ ነው» ብሎ ስለማይደነግጥ ነው። አምስተኛዋ ጥያቄ ግን ገጠር ላይ ትከብዳለች፣ እንደተጻፈች አንብበሽ ዝም በያቸው፣ ራሳቸው ይተረጉሟታል።

ካየሻቸው በኋላስ? ከፎርሙ ቁጥር ተነስተሽ ክኒን አትጀምሪ፣ ዲያዜፓም በተለይ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ያለ ሁሉ ዲያዜፓም እየተሰጠው ከጭንቀቱ ሳይወጣ ክኒኑ ላይ የተጣበቀ ስንት ሰው አይቻለሁ። ኤም ኤች ጋፕ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ሥልጠና፣ የአእምሮ ሐኪም ላልሆነ ባለሙያ የተዘጋጀውን፣ የሠለጠነ ባልደረባ ጤና ጣቢያችሁ ላይ ካለ ቀጥታ ለሱ አሳልፊ፣ ከሌለ ወረዳ ጠይቂ፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለ ይነግሩሻል። መካከለኛ ለሆነው ሰው ግን ትልቁ ሕክምና አንቺው ነሽ፦ ሃያ ደቂቃ መስማት፣ ችግሩን አንድ በአንድ ለይቶ የቱን ነው ዘንድሮ መፍታት የሚቻለው ብሎ አብሮ ማሰብ፣ ሽማግሌ የሚያስፈልገው የመሬት ጠብ ከሆነ ሽማግሌ፣ ከዕድር ከማኅበር የተለየውን እንዲመለስ ማበርታት፣ በሁለት ሳምንት ቀጥሮ እንደገና ማየት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ነው ብዙው የሚታወቀው፣ ግማሹ ቀለል ብሎት ይመጣል፣ ያልቀለለው ያኔ ሪፈር ይጻፍለታል።

ጠበል እሄዳለሁ ካሉሽ አትከራከሪ። ግሽ ዓባይ ሰከላ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ተስፋ አለው ማለት ነው፣ ተስፋ ደሞ በእጃችን ያለ ትልቅ ነገር ነው። የምትነግሪያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የጀመሩትን መድኃኒት ካለ እንዳያቋርጡ፣ ጠበልተኛውን የሚያውቅ ቄስ ካለ እሱም ይሄን እንዲነግራቸው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ቦታ በዘመቻ ብዙ ሰው አጣራን፣ ፎርሙ ተሞላ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተከተተ፣ «ዳታው ሰኞ ይገባል» ተባለ። ሰኞ ስናገላብጥ 17ኛው ላይ አዎ ያለች አንዲት ልጅ አገኘን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቷ ተቆልፎበት ነበር። ደግነቱ በሕይወት አገኘናት። ከዛ ቀን ወዲህ ፎርም እጄ ላይ እያለ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ 17ኛዋን አያለሁ፣ አንቺም እንደዛ አርጊ። የሚሰማ ሰው፣ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው፣ ሪፈር የሚቀበል ቦታ ሳታዘጋጁ ማጣሪያውን አትጀምሩ ብዬ ኃላፊሽን ብትነግሪልኝ ደስ ይለኛል፣ ካልሆነ ሰውን ቁስሉን ገልጦ መተው ነው።

የሰውየውን ምርመራ ጨርሺና በሁለት ሳምንት ገበያ ሲመጡ እንዲያዩሽ ቅጠሪያቸው፣ ለገበያ ቀን ብትቀጥሪያቸው አይቀሩም። እናቲቱ ልጇን ለአስረኛው ሳምንት ክትባት ታመጣለች፣ ግን አራት ሳምንት ሩቅ ነው፣ አትጠብቂ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚህ ሳምንት ልጁን ለማየት ብላ ቤቷ ብቅ ትበል፣ ጡት እንዴት ነው እያለች አብራት ትቀመጥ፣ እንቅልፏን ትጠይቃት፣ ልጁ ሲያለቅስ ምን እንደሚሰማት ትጠይቃት፣ 17ኛዋንም ሰው በሌለበት ትጠይቃት። ወደ አንቺ ስትመጣ ደሞ ለአማቷ ውጪ ጥላው ሥር ወንበር ስጫቸውና ልጁን አስታቅፊያቸው፣ በሩን ዝጊው፣ ፎርሙን እንደ አዲስ ከአንድ ጀምሪው።